«ስፖርት አይሠራም» የሚለው ወረቀት

ሐዋሳ ውስጥ የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ወደ አንዱ ትምህርት ቤት ጎራ ብላችሁ እዩ። ልጆቹ አቧራ እያስነሱ ኳስ ያሳድዳሉ። ከዛፉ ጥላ ሥር ግን አንድ ልጅ ተቀምጧል። ጭኑ ላይ የሹራብ ክምር አለ፣ አጠገቡ የውሃ ላስቲኮች ተደርድረዋል። ሥራው ዕቃ መጠበቅ ነው። ጓደኞቹ ከመልመዳቸው የተነሳ ሹራባቸውን ሲወረውሩለት ዞር ብለው እንኳ አያዩትም። ለምን እንደማይጫወት ብትጠይቋቸው መልሱ አንድ ነው፤ «እሱ ክትትል አለው።»

ክትትሉ የአስም ሊሆን ይችላል። የስኳር፣ የሚጥል በሽታ ወይም የልብም ሊሆን ይችላል። ሕመሞቹ ፈጽሞ አይመሳሰሉም። የተሰጣቸው ወረቀት ግን ያው ነው፤ «ስፖርት አይሠራም» ይላል። ፊርማ አለው፣ ማህተም አለው። ብዙ ጊዜ የሌለው ነገር ማብቂያ ቀን ነው። ልጁ ሕመሙ የተነሳበት ሰሞን ሐኪሙ ለጊዜው ይረፍ ብሎ ጽፎለት ይሆናል። መምህሩ ወረቀቱን ፋይል ውስጥ ያስቀምጠዋል። ልጁ ይድናል፣ ወደ ሚቀጥለው ክፍል ያልፋል፣ ወረቀቱ ግን እዚያው አለ።

እዚህ ላይ ሐኪሙን ብቻ መውቀስ አይገባም። እኛ ወላጆች ስንጠይቅ «ዶክተር፣ ስፖርት ይፈቀድለታል?» ነው የምንለው። ከበሩ ውጭ ወረፋ ያለበት ሰው ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የሚሰጠው ቀላሉ መልስ «ይቅርበት» ነው፤ ማንንም አያስጠይቅማ። ጥያቄው «ምን ዓይነት ይጫወት? እስከ ምን ድረስ? ምን ተጠንቅቆ?» ቢሆን ኖሮ ውይይቱ ሌላ ይሆን ነበር። ምክንያቱም ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው አብዛኞቹ ልጆች እንቅስቃሴ የሕክምናው አካል ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ትንፋሽን ፈጠን የሚያደርግ እንቅስቃሴ ያስፈልጋቸዋል ይላል። ከዚያ ውስጥ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር መሆን አለበት። አካል ጉዳት ላለባቸው ልጆችም የተቀመጠው ልክ ይኸው ነው። ደግሞ 60 ደቂቃው በአንድ ጊዜ መሞላት የለበትም። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት በእግር መሄድ፣ በእረፍት ሰዓት አባሮሽ፣ ማታ ግቢ ውስጥ ገመድ ዝላይ ተደምረው ይሞሉታል። ሰኞ ማክሰኞና ሱዚም ከስፖርት ይቆጠራሉ፤ መዝለል አጥንት ያጠነክራል።

ተቀምጦ የሚውል ልጅ ሰውነት ምን ይሆናል? ጡንቻው ይሰንፋል። ልቡ ለትንሽ ሥራ ብዙ መምታት ይጀምራል። አንድ ቀን ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል። እናት ይህን ታይና «አያችሁ፣ ሕመሙ እየባሰበት ነው» ትላለች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረጃ መውጣትም ይከለከላል። ልጁን ያስለከለከው ግን ሕመሙ ላይሆን ይችላል፣ መቀመጡ ራሱ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን መለየት ከባድ ስለሆነ ቤተሰብ ሳያውቀው ልጁን የበለጠ ያደክመዋል። ከጓደኞቹ መራቁ፣ ክብደት መጨመሩና እንቅልፍ ማጣቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

በአስም እንጀምር፤ ወላጅ በብዛት የሚፈራው እሱን ነውና። ዝም ብለን ስንቀመጥ የምንተነፍሰው በአፍንጫ ነው። አፍንጫ አየሩን ያሞቀዋል፣ ያረጥበዋል። ስንሮጥ ግን አፋችንን እንከፍታለን። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር በብዛት በቀጥታ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የአየር ቧንቧው ውስጠኛ ክፍል እርጥበቱን ያጣል። አስም ያለበት ልጅ ቧንቧ ቁጡ ስለሆነ በዙሪያው ያለው ጡንቻ ይኮማተራል። ሳልና «ሲር ሲር» የሚለው ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው። ብዙ ሰው የማያስተውለው ደግሞ ሰዓቱን ነው። ማሳሉ ብዙ ጊዜ የሚብሰው ልጁ ሩጫውን ካቆመ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ በኋላ ነው። ስለዚህ መምህሩ «ሜዳ ላይ ደህና ነበር» ይላል፣ እናት ደግሞ «ቤት ሲገባ ታፈነ» ትላለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ይህን ካወቅን መላው ይመጣል። መጀመሪያ ማሟሟቅ፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቀስ ብሎ ሶምሶማ፣ መሐል መሐል ላይ አጫጭር ፈጠን ያሉ ሩጫዎች። እንዲህ የተሟሟቀ ልጅ ቧንቧው በቀላሉ አይቆጣም። ሁለተኛ፣ ሐኪሙ ካዘዘ ከጨዋታው 15 ደቂቃ ያህል በፊት ሳልቡታሞሉን፣ ማለትም ቧንቧውን የሚከፍተውንና በአፍ የሚነፋውን ፓፍ፣ ይወስዳል። ሦስተኛ፣ አየሩንና ቦታውን መምረጥ ነው። በበጋ የሐዋሳ ማለዳ ቀዝቃዛና ደረቅ ነው፤ ረፋዱ ይሻላል። ቆሻሻ ከሚቃጠልበት አጠገብና አቧራው ከሚቦንበት ጥርጊያ ይልቅ ሣር ያለበት ግቢ ይመረጣል። ቅዝቃዜው ግድ ከሆነ አፍና አፍንጫን በስስ ሻርፕ መሸፈን አየሩን ያሞቅለታል።

ልጁ በተጫወተ ቁጥር ሳልቡታሞል የሚያስፈልገው ከሆነ፣ ወይም በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ለማስታገሻ ከተጠቀመበት፣ ጥፋቱ የጨዋታው አይደለም። አስሙ በደንብ አልተያዘም ማለት ነው። እንዲህ ያለው ልጅ በየቀኑ የሚወሰድ፣ ቧንቧውን የሚያበርድ እንደ ቤክሎሜታዞን ያለ መድኃኒት ሊያስፈልገው ስለሚችል ወደ ሐኪሙ መመለስ ነው። ብዙ ቤት ግን ሳልቡታሞሉ ይቀመጥና ኳሱ ይወረወራል።

አወሳሰዱም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ልጅ ፓፉን በቀጥታ አፉ ውስጥ ሲነፋው ብዙው መድኃኒት ጉሮሮው ላይ ይቀራል። ለዚህ ነው ስፔሰር የሚባለው ባዶ ዕቃ የሚያስፈልገው። መግዛት ካልተቻለ የግማሽ ሊትር የውሃ ላስቲክ (የፕላስቲክ ጠርሙስ) ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1999 ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕታውን ውስጥ በልጆች ላይ የተሠራ ጥናት በትክክል የተዘጋጀ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ከተገዛው ስፔሰር እኩል እንደሚሠራ አሳይቷል። የላስቲኩን ቂጥ በፓፉ አፍ ልክ ትበሱታላችሁ። ፓፉን ትሰኩና ዙሪያውን አየር እንዳያሾልክ በፕላስተር ታሽጋላችሁ። ልጁ የላስቲኩን አፍ በከንፈሩ ይይዛል። ፓፉን ነቅነቅ አድርጋችሁ አንድ ጊዜ ትጫናላችሁ፤ እሱ አምስት ስድስት ጊዜ በዝግታ ወደ ውስጥ ወደ ውጭ ይተነፍሳል። ሁለተኛው ከታዘዘ እንደገና ነቅንቃችሁ ትጫናላችሁ። ሁለቱን አከታትሎ መንፋት መድኃኒት ማባከን ነው። ላስቲኩን አስቀድማችሁ በሳሙና ውሃ ዘፍዝፋችሁ ሳትወለውሉት በራሱ ይድረቅ። አዲስ ፕላስቲክ መድኃኒቱን ወደ ራሱ ስለሚስብ ነው።

ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያቃተው፣ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ መሐል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ወይም ከንፈሩ የጠቆረ ልጅ ግን ሆስፒታል ነው የሚሄደው። እየሄዳችሁም ፓፉን አታቋርጡ።

«አስም ያለበት ሰው እንዴት ይሮጣል?» ለሚል ሰው መልሱ ከአሰላ አካባቢ የመጣው ኃይሌ ገብረሥላሴ ነው። እሱም አስም ያስቸግረዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የቤይጂንግ አየር መበከል አሳስቦት ከኦሎምፒኩ ማራቶን ራሱን አገለለ፤ 10 ሺህ ሜትሩን ግን ሮጠ። ከወር በኋላ በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2:03:59 ጨርሶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ያደረገውን ልብ በሉ። ሩጫውን አልተወም፣ የሚሮጥበትን አየር ነው የመረጠው።

ወደ ስኳር እንለፍ። ልጆች ላይ በብዛት የሚታየው ዓይነት 1 ነው፤ ሰውነታቸው ኢንሱሊን ማምረት ያቆማል። ከረሜላ ከመብላት የመጣ አይደለም፤ ዘመድ ለቡና በተሰበሰበ ቁጥር እናትን የሚወቅሰው በከንቱ ነው። እንቅስቃሴ ለእነዚህ ልጆች ልዩ ጥቅም አለው። ጡንቻ በሚሠራበት ሰዓት ያለ ኢንሱሊን እርዳታም ከደም ውስጥ ስኳር መውሰድ ይችላል። ከጨዋታው በኋላም ኢንሱሊኑ ለሰዓታት የበለጠ ይሠራል። ለዚህ ነው የሚንቀሳቀስ ልጅ ለዚያው ሥራ አነስ ያለ ኢንሱሊን የሚበቃው።

አደጋውም ያለው እዚሁ ነው። ጡንቻ የራሱ የስኳር ጎተራ አለው። ከሰዓት በኋላ ኳስ ሲጫወት የዋለ ልጅ ጎተራውን አራግፎታል፤ ሌሊት ተኝቶ ሳለ ጡንቻው ከደም ውስጥ ስኳር እየወሰደ ጎተራውን ይሞላል። ስለዚህ ስኳሩ የሚወርደው ሜዳ ላይ ብቻ አይደለም፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላም ሊሆን ይችላል፣ እስከ ማግስቱም ይቆያል። የመመርመሪያው ስትሪፕ ውድ ነው። ቆጥቦ ለሚጠቀም ቤተሰብ ጥሩ ጨዋታ በነበረበት ቀን ሁለት ሰዓቶች አይዘለሉም፤ ከመጫወቱ በፊትና ከመተኛቱ በፊት።

ከጨዋታ በፊት የደም ስኳር መለኪያው ከ90 እስከ 270 (mg/dL) ካሳየ በአብዛኛው መግባት ይችላል። ከ90 በታች ከሆነ መጀመሪያ ትንሽ ሙዝ ወይም ቁራሽ ዳቦ በልቶ ጥቂት ይቆይ። ከ270 በላይ ሆኖ ደግሞ ሆዱን ካመመው፣ ካስመለሰው ወይም ሽንቱ ላይ ኬቶን (ኢንሱሊን ሲያንስ ሰውነት የሚያመርተው አሲድ) ከታየ የዚያን ቀን ጨዋታ የለም፤ ኢንሱሊን አንሶታልና መሮጥ ያባብስበታል። ኳስ የሚጫወት ልጅ ከጨዋታው በፊት ያለውን መርፌ ጭኑ ላይ ባይወጋ ይመረጣል። የሚሠራ እግር መድኃኒቱን ቶሎ ይመጠዋል፤ ሆዱ ላይ ይወጋ። የኢንሱሊኑን መጠን መቀነስ ግን ከሐኪሙ ጋር እንጂ ቤት ውስጥ በግምት የሚሠራ አይደለም።

ሜዳ ላይ ስኳር የወረደበትን ልጅ መለየት ያስቸግራል፤ የሚጫወት ልጅ ሁሉ ያልበዋል። ላቡን ተዉና ፀባዩን እዩ። ያለ ምክንያት የተነጫነጨ፣ ኳሱ በአጠገቡ ሲያልፍ የፈዘዘ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ይቁም። ለመለካት ጊዜ አታጥፉ። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጦ መጠጣት፣ 15 ደቂቃ መጠበቅ፣ ካልተሻለው መድገም። ሲሻለው ዳቦ ይብላ። ለትንሽ ልጅ መጠኑ ያንሳል፤ ሐኪሙን ጠይቃችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። ራሱን የሳተ ልጅ አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም፤ ያንቀዋል። በጎኑ አስተኝቶ ወደ ሆስፒታል መክነፍ ነው። ስኳሩ በትንሽ ፌስታል ተቋጥሮ ልጁ ቦርሳ ውስጥ ብቻ ሳይሆን መምህሩም ኪስ ውስጥ ይኑር። ቦርሳው ክፍል ተቆልፎበት የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

የሪያል ማድሪድ ደጋፊ ልጅ ካላችሁ የክለቡን የቀድሞ ተከላካይ የናቾን ታሪክ ንገሩት። በ12 ዓመቱ ዓይነት 1 ስኳር እንዳለበት ሲታወቅ አንድ ሐኪም ኳስ አበቃልህ አለው። ከቀናት በኋላ ያየው ሌላ ሐኪም ግን መጫወትህን እንዳታቆም አለው። ናቾ ስድስት ጊዜ የቻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ አንስቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ዋንጫውን በአምበልነት ነው ያነሳው። እኔን የሚያሳስበኝ የመጀመሪያውን ሐኪም ብቻ አይተው ቤታቸው የቀሩት ልጆች ናቸው።

የሚጥል በሽታ ላይ ፍርሃቱ ከሁሉም ይበልጣል። ሩጫና ኳስ ግን በራሳቸው ሕመሙን የሚያስነሱበት ጊዜ ጥቂት ነው። በብዛት የሚያስነሳው መድኃኒት መዝለልና እንቅልፍ ማጣት ነው። ጸበል የሚጠመቅም ልጅ ቢሆን መድኃኒቱን አያቋርጥ። ጥንቃቄው ያለው ሕመሙ ድንገት ቢመጣ ልጁ የት ይሆናል በሚለው ላይ ነው። ውሃ፣ ከፍታና የመኪና መንገድ ሦስቱ አደጋዎች ናቸው። የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ ጉማሬም የቢልሃርዚያ ሥጋትም ስላለበት ለየትኛውም ልጅ መዋኛ አይሆንም። የሆቴል ገንዳ ከሆነ ልጁን የሚያውቅ አዋቂ እጁ በሚደርስበት ርቀት አብሮት ውሃ ውስጥ ይሁን። ሳይክልም ያው ነው። ከተማችን ሜዳ ስለሆነች ሳይክል የማይወድ ልጅ የለም። ሕመሙ በመድኃኒት ጋብ ማለቱን ሐኪሙ እስኪያረጋግጥ ግቢ ውስጥ፣ ሄልሜት አድርጎ ይንዳ እንጂ ከባጃጅ ጋር አይጋፋ። የታቦርን ተራራ በእግር መውጣት ይችላል፤ ገደሉ ጫፍ ላይ ግን ብቻውን አይቁም።

ሜዳ ላይ ቢወድቅስ? በጎኑ አዙሩት፣ ከጭንቅላቱ ሥር ሹራብ አድርጉለት፣ ሰዓት ያዙ። አጥብቃችሁ አትያዙት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያ አትክተቱ። ክብሪት ለኩሶ ማሽተትም ይቅር፤ ምንም አይጠቅምም፣ ሊያቃጥለውም ይችላል። አምስት ደቂቃ ካለፈው ሆስፒታል ውሰዱት።

የልብ ሕመም ሲሆን ነገሩ ይለያል፤ እዚህ ላይ ልጁን ወደ ሜዳ ለመመለስ አትጣደፉ። በሀገራችን ብዙ ልጆችን የሚያጠቃው ከጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የልብ በሮችን የሚጎዳው ሪውማቲክ የሚባለው ነው። እብጠቱ ልብ ላይ ንቁ በሆነበት ወቅት ዕረፍት የግድ ነው፤ ያኔ «ስፖርት አይሠራም» ያለው ሐኪም ልክ ነው። ከዚያ በኋላ የሚወስነው የልብ አልትራሳውንዱ ነው። በሩ በትንሹ ብቻ የተጎዳ ልጅ አብዛኛውን ጨዋታ መጫወት ይችላል። በጣም የጠበበ በር ወይም የደከመ ልብ ያለው ልጅ ውድድር ይቀርበታል፤ ለእሱም ቢሆን የሐይቁን ዳር በዝግታ መራመድ ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ደግ ነው። በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋው ፔኒሲሊን የሚከላከለው ሌላ ጥቃት እንዳይመጣ ነውና «ደህና ሆኗል፣ ይጫወታል» ብላችሁ አታቋርጡት። አንድ ነገር ደግሞ ለሁሉም ልጅ ይሠራል፤ እየሮጠ ሳለ ራሱን የሳተ ልጅ ልቡ ሳይመረመር ወደ ሜዳ አይመለስም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙን የሚከለክል ሳይሆን የሚያስረዳ ወረቀት ለምኑት። አጭር ይሁን፣ በአማርኛ ወይም መምህሩ በሚያነበው ቋንቋ ይሁን። ለምሳሌ አስም ላለበት ልጅ እንዲህ ሊል ይችላል፤ «ይህ ተማሪ አስም አለበት። መሮጥና ኳስ መጫወት ይችላል። ከጨዋታው 15 ደቂቃ በፊት ፓፉን ሁለት ጊዜ ይወስዳል፣ ከዚያ ያሟሙቃል። ጉንፋን በያዘው ሳምንት ቀለል ያለ ነገር ይሥራ። ካሳለ ይቁም፣ ፓፉን ይውሰድ። በአሥር ደቂቃ ካልተሻለው ወላጅ ይጠራ። ወረቀቱ የሚታደሰው የካቲት ላይ ነው።» የመጨረሻዋ መስመር እንዳትረሳ። ኮፒውን ለሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ በእጁ ስጡት፤ ቢሮ ብቻ ካስቀመጣችሁት እሱ ዘንድ ላይደርስ ይችላል።

መምህሩን ደግሞ ተረዱት። ልጁ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ብዙ ትምህርት ቤት ውስጥ ነርስ እንኳ የለም። «ምንም አይሆንም» ከምትሉት ምን ሲያይ ምን እንደሚያደርግ አሳዩት። እናትና መምህር ፓፉን በላስቲክ አብረው አንድ ጊዜ ቢሞክሩት ግማሹ ፍርሃት እዚያው ያልቃል።

ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ የከረመ ልጅ ሲጀምር ደግሞ በቀን አምስት አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይጨመርለታል። ልኩን በንግግር ታውቁታላችሁ። እየተጫወተ ማውራት ከቻለ ግን መዝፈን ካቃተው መካከለኛ ነው፣ ለጅማሮ ተስማሚው። ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ተናግሮ አየር ከሳበ ከባድ ሆኗል፤ ቀዝቀዝ ይበል። ትኩሳት ባለበት ቀን ይረፍ። ትንሽ ሲለምደው ጓደኞቹን ቤት ጥሩለት። ብቻውን «ስፖርት ሥራ» የተባለ ልጅ በሦስተኛው ቀን ይሰለቸዋል፤ ሌባና ፖሊስ የገባ ልጅ ግን እራት ቀረበ ተብሎ ሲጠራም አይሰማም። ትምህርት ቤቱ ቅርብ ከሆነ ደግሞ ባጃጁን በሳምንት ሁለት ቀን ተዉትና በእግር አብራችሁት ሂዱ። ስኳር ያለበት ከሆነ ያቺን ፌስታል ይዛችሁ።